አባባ፣ ግራሶው ፊፍዝ ዊሉ ላይ ይቅር

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ፍሬቻው የነገሩኝን በስልክ ላስረዳዎ ሞክሬ ነበር። ግን ሞተሩ እየጮኸ ግማሹን አልሰሙኝም፣ ግማሹን ደግሞ «እሺ፣ እሺ» ብለው አለፉት። እርስዎ ሁለት ጊዜ «እሺ» ካሉ ነገሩ እንዳልተዋጠልዎ አውቃለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። መነጽርዎን አድርገው ያንብቡልኝ።

የተሳቢው የግራ ፍሬቻ ቀጥ ብለው ሲሄዱ ይሠራል፣ መታጠፍ ሲጀምሩ ይጠፋል ብለውኛል። አምፖል ቀይረዋል፣ ፊውዝም አይተዋል። አምፖሉ ምንም አላጠፋም። አምፖል መታጠፊያ አይቶ አይጠፋም። ጥፋተኛው መኪናው ሲታጠፍ የሚወጠር ነገር ነው፤ እሱም ከጋቢናው ጀርባ ወደ ተሳቢው የሚሄደው የመብራት ኬብል ነው። ኬብሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንገቱ ላይ ነው፤ ስፒናው ውስጥ፣ ማለት ሶኬት ላይ የሚሰካው ራስ ውስጥ፣ ከሚገባበት ላይ። ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ግን አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ኬብሉ ሲላላ ጫፍና ጫፋቸው ይነካካል፣ መብራቱም ይሠራል። ሲወጠር ይለያያሉ።

ለማረጋገጥ ቀላል ነው። መኪናውን አቁመው የግራ ፍሬቻውን ያብሩ። ረዳትዎ የስፒናውን አንገት ይዞ በቀስታ ወዲህና ወዲያ ያጥፈው፤ እርስዎ ኋላ ሆነው መብራቱን ይዩ። ፍሬቻው ምቱን ከሳተ ነገሩ እዚያው ነው። በባለ ሰባት እግሩ የመብራት ስፒና የግራ ፍሬቻ ቁጥር 3 ነው። ቁጥር 1 የመብራቶቹ ሁሉ መመለሻ ኔጋቲቭ ነው። እሱ ከቆሸሸ ነገሩ ሁሉ ይተራመሳል፤ ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው አብሮ ይርገበገባል፣ የኋላ መብራቱም ይደበዝዛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ተሳቢውን ሁሉ ከመፈታታትዎ በፊት ያችን ቁጥር 1 እግር ይዩልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የላኩልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ቀዩና ቢጫው የፍሬን አየር ቱቦ፣ የመብራቱ ኬብልና የኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ኬብል በአንድ የጎማ ቁራጭ ታስረዋል። መሃላቸው ወርዶ ፊፍዝ ዊሉ፣ ያ ተሳቢው የሚያርፍበትና የሚቆለፍበት ብረት፣ ጠርዝ ላይ ተኝቷል። ቢጫው ቱቦ ቢጫ መሆኑን ያወቅኩት ጫፉን አይቼ ነው፤ የቀረው ጥቁር ነው። ስፒናው አፍ ላይም ግራሶ ታጭቋል። እሱን እንኳ ረዳቱ አላደረገውም፣ የእርስዎ እጅ ነው።

አባባ፣ በግራሶ እንደማይሰስቱ አውቃለሁ። ፊፍዝ ዊሉ ደርቆ ከሚያድር እርስዎ ባይተኙ ይመርጣሉ። ልክም ነዎት፤ ብረት በብረት ላይ ሲዞር ግራሶ ይፈልጋል፣ ደረቅ ከሆነ መሪውም ይከብዳል። ግራሶ ለዚያ ብረት መድኃኒት ሆነ ማለት ግን ለኬብልና ለቱቦም ይሆናል ማለት አይደለም። በዚህ ጉዳይ አልስማማዎትም።

ግራሶ ኬብል ላይ ብቻውን አይቀመጥም። የመንገዱን አቧራና አሸዋ ሰብስቦ ይይዛል። ከዚያ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቱቦው ከብረቱ ጋር ይፋተጋል፣ መሃላቸው ያለው ጥቁር ጭቃም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የቱቦው ማያያዣ ላይ ያለው ጎሚኒ (አየር እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) ደግሞ ዘይት ሲጠጣ ሊያብጥና ሊለሰልስ ይችላል፤ ያኔ አየር አይዝም። ከሁሉ የምጠላው ግን ግራሶ ጉዳትን መደበቁን ነው። ቱቦ ሲሰነጠቅ ወይም ሲላጥ በዓይን ይታያል። በግራሶ ከተሸፈነ ግን ማን ያየዋል?

ስፒናው ውስጥ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። «ውሃ እንዳይገባ ብዬ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ውሃውማ ይገባል፤ ገብቶ መውጫ ነው የሚያጣው። እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት የሚያወጣው ይኸው ታፍኖ የቀረ እርጥበት ነው። ግራሶው አቧራ ሲጠጣ እግሩና ቀዳዳው በደንብ አይነካኩም። ግራፋይት ያለበት ጥቁሩ ግራሶ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መንገድ ይከፍታል። ለኤሌክትሪክ ስፒና ተብሎ የሚሸጥ የሲሊኮን ቅባት አለ። እሱን እግሮቹ ላይና የክዳኑ ጎማ ላይ በስሱ መቀባት ይቻላል። ከግራሶ ፓምፕ የሚወጣው ግን ወደ ስፒናው እንዳይጠጋ።

ለማጽዳት እባክዎ ናፍታና ቤንዚን አይጠቀሙ። ቶሎ ያጸዳል፣ አዎ። ግን ጎማውን ይበላዋል። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ሞተሩን ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማዎቹ ስር ታኮ ያድርጉ። መጀመሪያ ወፍራሙን ግራሶ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ከዚያ በሳሙናው። ቱቦውን በጨርቁ ጨብጠው ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ይሂዱበት። አውራ ጣትዎ ሸካራ ነገር ካገኘ ይቁሙ። ላዩ ተልጦ ከስር ያለው ክር ከታየ ያ ቱቦ አብቅቶለታል። በፕላስተር አይጠቅልሉት፣ ይቀየር። ስፒናና ሶኬቱን ግን በሳሙና ውሃ አይንኩት፤ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የተሠራ ስፕሬይና ለስላሳ ብሩሽ በቂው ነው። መኪና በሚያጥቡበት ጊዜም የግፊት ውሃውን ወደዚያ አያዙሩት።

ከታጠበ በኋላ አየር መያዙን ይፈትሹ። አየሩ ይሙላ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማያያዣዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ያድርጉና አረፋ ይነሳ እንደሆነ ይዩ። አንድ ነገር ብቻ አይርሱ። ቀዩ ሁልጊዜ አየር አለው፣ ስለዚህ ካፈሰሰ ቆመው ይሰሙታል። ቢጫው ግን አየር የሚያገኘው ፍሬን ሲረገጥ ነው። ሰው ጋቢና ገብቶ ካልረገጠልዎ የቢጫውን ቀዳዳ አያገኙትም። ቀዩ ቢፈነዳ የተሳቢው ፍሬን ራሱ ይይዛል፣ ያስቆምዎታል። ቢጫው ቢፈነዳ ግን የተሳቢውን ፍሬን ሊያጡት የሚችሉት በሚፈልጉት ሰዓት ነው፤ እግርዎ ፔዳሉ ላይ ሳለ። ለዚህ ነው ቢጫው ጥቁር ሆኖ ሳየው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ቀለሙ ራሱ አንድ ነገር ነው። ተሳቢውን ስንቀጥል ቢጫውን አስቀድመን ቀዩን እናስከትላለን፣ ስንፈታ ቀዩን እናስቀድማለን። ምክንያቱም ቀዩ ሲገባ የተሳቢው ፍሬን ሊለቅ ይችላል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አሁን የእርስዎ ረዳት በጨለማ ሁለት ጥቁር ቱቦ ይዞ የቱን ያስቀድም?

አሁን ስለ አሰቃቀሉ። ያንን የጎማ ማሰሪያ ዛሬውኑ ይቁረጡት። ሁሉም አንድ ላይ ሲታሰሩ አጭሩ የሌላውን ሸክም ይሸከማል። ከእርስዎ ኬብሎች አጭሩ የመብራቱ ነው፣ አንገቱም ለዚህ ይመስለኛል የተበጠሰው። ከጋቢናው ጀርባ ባለው ብረት ላይ ሞላ ያንጠልጥሉ። ከሞላው ስር ለእያንዳንዱ ቱቦና ኬብል ለየብቻ ጉድጓድ ያለው መያዣ ይኑር። ሞላው ሲታጠፉ ይለጠጣል፣ ሲቃኑ መልሶ ይሰበስበዋል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ምንም ነገር ከጋቢናው ጀርባ የምንቆምበትን መረማመጃም ሆነ ፊፍዝ ዊሉን መንካት የለበትም። ሲታጠፍ ደግሞ ምንም ነገር መወጠር የለበትም። ሁለቱን ማስታረቅ ነው ሥራው። ሰፊ ቦታ ላይ በዝግታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከሚሄድበት ያጥፉት፣ ረዳቱ ራቅ ብሎ ቆሞ ይይ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ካማረዎ አጥብቀው አይሰሩት፤ ጠርዙ ቱቦውን ይቆርጠዋል። የጭስ ማውጫው አጠገብም ምንም አይለፍ።

ተሳቢውን ሲፈቱ ስፒናውን ይዘው ይንቀሉ እንጂ ኬብሉን አይጎትቱ። የነቀሉትንም ፊፍዝ ዊሉ ላይ አይጣሉት። ከጋቢናው ጀርባ ለማስቀመጫ ብቻ የተሠሩ ባዶ ሶኬቶችና ባዶ ማያያዣዎች አሉ፤ እዚያ ይሰኩ። ከሌሉ አፋቸው ወደ ታች ሆኖ ይንጠልጠሉ። የአየር ማያያዣ አፍ ውስጥ አሸዋ ከገባ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ቫልቩ ነው።

የግራሶውን ሥራ በተመለከተ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይቀይሩልኝ። ተሳቢውን ከማስገባትዎ በፊት አሮጌውን ግራሶ ፍቀው ያንሱ፣ አዲስ በልኩ ይቀቡ። ተሳቢው ገብቶ ከተቆለፈ በኋላ ወደ ጠርዙ ተጨምቆ የወጣውን ይጥረጉ። ከዚያ ጓንቱን ያውልቁ፣ እጅዎን ያጽዱ፣ ኬብሉን የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። የግራሶ ጨርቅና የኬብል ጨርቅም ይለያይ። ረዳቱ ይስቅብዎት ይሆናል፣ ይሳቅ።

ሌላ ጊዜ ስፒና ለመግዛት ከሄዱ ላዩ ላይ የተጻፈውን የአይኤስኦ (የዓለም አቀፍ ደረጃ) ቁጥር ይዩ። ዋናው የመብራት 1185 ነው፣ የተጨማሪው መብራት 3731፣ የኤቢኤሱ 7638። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ እንዳይቀያየሩ የመሃል እግራቸው በአንዱ ወንድ በሌላው ሴት ሆኖ ነው የተሠራው። አልገባም ካለ በጉልበት አይግፉት፣ የሌላው ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱም ስለ እርስዎ ነው። ፎቶው ላይ መረማመጃውም በግራሶ ያብረቀርቃል። በዚያ ላይ ነው በየጊዜው የሚወጡት፣ በዚያ ጉልበት። እባክዎ ሳሙናው ሲወጣ መጀመሪያ መረማመጃው ይታጠብ። ሲወርዱ ፊትዎን ወደ መኪናው ያዙሩ፣ ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ የያዘ ይሁን። መዝለል ይቅር። ከቻሉ ደግሞ መውጣቱን ለረዳቱ ይተዉለትና እርስዎ ከታች ሆነው ይዘዙት። ማዘዙን እንደሁ ይችሉበታል።

አዲስ ስፒና እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ አይግዙ። ኬብሉ ርዝመት ካለው አንገቱን ቆርጬ አዲሱን እገጥምበታለሁ፣ ከሌለው ሙሉውን እንቀይራለን። ስለዚህ ኬብሉን ዘርግተው ርዝመቱን ይለኩልኝ፤ ከሶኬት እስከ ሶኬት፣ መኪናው ታጥፎ እያለ። ልኬቱን በመልእክት ይላኩልኝ። እስከዚያ የግራ ፍሬቻው እየጠፋ እንዳይነዱ፤ በተለይ ማታ።

ጤናዎን ይጠብቁ።

ልጅዎ