ጥቁር አንበሳን እንደ ቅርስም እንየው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አዲስ አበባ የድሮ ዘመናዊ ህንፃዎች ሲወራ ሁሌ የሚነሱት አፍሪካ አዳራሽና ማዘጋጃ ቤት ናቸው፣ ሁለቱም የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ዲዛይን ናቸው ይገባቸዋልም፣ አፍሪካ አዳራሽማ በ2017 ታድሶ ሲከፈት እኔም በጣም ነው ደስ ያለኝ። ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልስ? እዛው ቸርችል ጎዳና ላይ ከትግላችን ሐውልት አጠገብ ቆሞ ማንም እንደ አርክቴክቸር አያየውም። በ1949 በመኪና አደጋ ላረፉት ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ለልዑል መኮንን መታሰቢያ ተብሎ ነው የተሰራው፣ የአሁኑ ስሙ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው፣ ይሄን የሚያውቅ ወጣት ስንት ይሆን?

ለኔ ግን ትልቁ ነገር ስራው ነው። የሀገሪቱ ሀኪሞች ስንቱ እዛ ነው የተማረው፣ ለብዙ አመት ደግሞ በሀገሪቱ የጨረር ህክምና የሚገኘው እዛ ብቻ ስለነበር ከጎንደር በሉት ከጅማ በሉት ከሐረር የካንሰር ታማሚ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ሁሉ አዲስ አበባን የሚያውቃት በዛ ግቢ በኩል ነው፣ ዙሪያው ያለው ፋርማሲው ላብራቶሪው ምግብ ቤቱ አልጋ ቤቱም የሚኖረው በሱ ነው።

አሁን ከተማው በኮሪደር ልማት መልኩን እየቀየረ ስለሆነ ነው የምፅፈው። ህንፃው ይታደስ፣ ሊፍቱም የመብራትና የውሃ መስመሩም አዲስ ይሁን፣ ለታካሚ የሚመች ነገር ሁሉ ይጨመርበት፣ ግን ፊቱን በመስታወት እንዳትሸፍኑብን። የቅርስ ባለሙያና እዛ የሚሰሩት ነርሶችና ሀኪሞች አንድ ላይ ይጠየቁ፣ ፕላኑና የድሮ ፎቶዎቹም ተሰብስበው ይቀመጡ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ