ተማሪ ብቻ ቆጥራችሁ አትመድቡልን

ይድረስ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት ለምትመድቡ፣ ቀመሩንም ለምታወጡ ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልኝ። በጀቱ አነሰ ብዬ ልጨቀጭቃችሁ አይደለም፤ ማነሱን እናንተም አታጡትም። የምጽፈው ያለችው ገንዘብ ስለምትከፋፈልበት መንገድ ነው።

ተማሪ ይቆጠራል፣ በነፍስ ወከፍ ይባዛል፣ ይላካል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። እስቲ አንድ ትምህርት ቤት ላይ እንሞክረው። ከአንደኛ ክፍል ሦስት ልጆች፣ ከሦስተኛ ሁለት፣ ከአምስተኛ አራት ለቀቁ እንበል። የዘጠኝ ልጅ ገንዘብ ይቀነሳል። ወጪውስ? አንድም ክፍል አይዘጋም፣ አንድም መምህር አይቀነስም። ጥበቃው ያው ነው፣ የሚያፈሰው ጣሪያም ያው። ርዕሰ መምህሩ ደመወዝ መንካት አይችልም። ስለዚህ ከመጽሐፍ፣ ከቤተ ሙከራ ዕቃና ከጥገና ይቆርጣል። የሄዱትን ልጆች ዕዳ የቀሩት ከፈሉ ማለት ነው።

ትልቅ ትምህርት ቤት ይህን ይችለዋል። ትንሹና ሩቁ ግን ይጎብጣል። እንግሊዝ ውስጥ ቀመሩ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ ተማሪው በዛም አነሰ፣ አንድ ቋሚ መነሻ ገንዘብ ይይዛል። ራቅ ብለው ላሉ ትንንሾች ደግሞ ተጨማሪ አለው። ይህን ለመኮረጅ ማን ይከለክላል?

አቆጣጠሩም ራሱ ጉድ አለው። የተመዘገበው ነው የሚቆጠረው ወይስ ክፍል የተገኘው? ካሊፎርኒያ የምትከፍለው በዕለታዊ ተገኝነት አማካይ ነው። ትምህርት ቤቶች ቀሪዎችን እንዲከታተሉ ያተጋል ይባላል፤ እውነትነት አለው። ግን አዘውትሮ የሚቀረው ማን ነው? የታመመው፣ ቤተሰቡ ቤት ኪራይ እያባረረው የሚንከራተተው፣ ታናናሾቹን የሚጠብቀው። ብዙ እገዛ የሚፈልጉ ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ገንዘቡ ያንሳል። መምህሩ የተቀጠረው ደግሞ ለተመዘገበው ሁሉ ነው! ምዝገባን ቁጠሩ። ዓመቱ አጋማሽ ላይም አንዴ ድገሙት፤ ዘግይተው የሚመጡ ልጆች ያለ በጀት አይማሩ።

ሁሉም ልጅ እኩል ወጪ የለውም የሚለው ነገርም አዲስ ግኝት አይደለም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1985 ወላጆቻቸው ብዙም ላልተማሩ ልጆች በቀመሩ ውስጥ ከፍ ያለ ክብደት ሰጥታለች፤ አንዱ ልጅ ከአንድ በላይ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። አካል ጉዳት ላለበት ልጅና የማስተማሪያውን ቋንቋ ገና ለሚለምደውም ያው ክብደት ይገባል።

የአካባቢውን አቅም ችላ ካላችሁ ግን ይህ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ከገንዘባቸው ትልቅ ድርሻ ከአካባቢው የንብረት ግብር ያገኛሉ። ውድ ቤት ያለበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ደልቶታል። የቴክሳስ ድሃ ሰፈር ወላጆች ይህን ተቃውመው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአምስት ለአራት ድምፅ ተረቱ። ከወላጅ ዳጎስ ያለ መዋጮ የሚሰበስብና ምንም የማይሰበስብ ትምህርት ቤት ከመንግሥት እኩል ከተሰጣቸው፣ ልዩነቱን ያጸደቀው መንግሥት ነው።

ስለዚህ ቋሚ መነሻ ገንዘብ መድቡ፣ በላዩ ላይ በምዝገባ ክፈሉ፣ ለቸገረው ክብደት ጨምሩ። የቀጣዩ ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊትም ቀመሩን ከነማባዣዎቹ ይፋ አድርጉት። ማንኛውም ርዕሰ መምህር ወረቀትና እርሳስ ይዞ የራሱን ትምህርት ቤት ድርሻ ማስላት መቻል አለበት። ከላካችሁለት ጋር ካልገጠመ የት ሄዶ አቤት እንደሚልም ጻፉለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የተማሪ ወላጅ