የቀበሌ ቤት ሲፈርስ በምትኩ የሚከራይ ቤት ይሰራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ አዲስ አበባ ኮሪደር ልማትና ስለ መልሶ ማልማቱ በሚፃፈው ውስጥ ሁሌ የማየው የመንገዱን ስፋት፣ መብራቱን፣ የሚሰራውን ሕንፃ ነው፣ ከሰፈሩ ስለተነሱት ሰዎች ግን "ምትክ ቤት ተሰጥቷቸዋል" ተብሎ ይታለፋል። እኔ የምፅፈው ስለዛች አንድ አረፍተ ነገር ነው። ለማን ተሰጠ፣ የት ተሰጠ፣ ለመግዛት ነው ወይስ ለመከራየት፣ ይሄ ካልተነገረን ምን እንደተሰጠ አናውቅም።

እኔ ያደግኩት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፣ ቤቶቹ እንዳሉ ይቆዩ ብዬ አልከራከርም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ ለስንትና ስንት አባወራ አንድ፣ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ሰፈር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ከፈረሰ በኋላ ማን ይገባበታል የሚለው ነው፣ በተለይ ስራው በመንግሥት በጀት ማለትም በሁላችን ገንዘብ ሲሰራ።

የቀበሌ ቤት ከየት እንደመጣ ወጣቶቹ ላያውቁ ስለሚችሉ ትንሽ ልበል። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ከዛ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት ድርጅት ሄዱ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ከመጀመሪያውም የድሀ ቤት ነበር። ኪራዩ ለብዙ አመት ሳይነካ በመቆየቱ ነው ጡረተኛው፣ የቀን ሰራተኛው፣ ጉሊት የምትውለው እናት፣ እንጀራ ጋግራ ልጅ የምታሳድገው ሁሉ ፒያሳና ካዛንቺስ መሀል ከተማ ላይ መኖር የቻሉት። አዲስ አበባ ቪላውና ደሳሳው ቤት አጥር ለአጥር ተጣብቀው፣ ባለመኪናውና ተሸካሚው በአንድ እድር የሚቀባበሩባት ከተማ የሆነችውም ባብዛኛው በነዚህ ቤቶች ምክንያት ነው፣ ይሄ ደግሞ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው፣ አንዴ ከጠፋ በበጀት ተገዝቶ አይመለስም።

አሁን የሚተካው ምንድን ነው? ከ1997 ወዲህ የመጣው ኮንዶሚኒየም ነው። 10/90 በሉት 20/80 በሉት 40/60 በሉት (የፊተኛው ቁጥር ገዢው የሚከፍለው፣ የኋለኛው ባንክ የሚያበድረው ከመቶ ነው)፣ ሶስቱም የሚሸጥ ቤት ናቸው። ቅድሚያ ክፍያ አለው ከዛ የባንክ የወር ክፍያ አለው፣ ባንክ ደግሞ ዛሬ ገበያ ቀዝቅዞብኛል፣ አሞኛል ብትለው አይሰማህም። በወር ጥቂት ብር ትከፍል የነበረች ሴት ድንገት ባለ እዳ ትሆናለች። ከዛ የሚሆነውን ሁላችንም ሰፈራችን ውስጥ አይተነዋል፣ ቤቱን ታከራየውና እሷ ሌላ ቦታ አንድ ክፍል ተከራይታ ትገባለች ወይ ደግሞ በውክልና ትሸጠዋለች። ሰው ደግሞ "ሸጠው በሉት" ብሎ ይፈርድባቸዋል። ወረቀቱ ላይ ባለኮንዶሚኒየም ተብላ ትቆጠራለች፣ ሪፖርት ላይም ተጠቃሚ ናት፣ ኑሮዋ ግን ከበፊቱ ከነበረችበት ወርዷል።

ሌላ የቀበሌ ቤት የመውሰድ ምርጫም አለ ይባላል፣ አዎ አለ። ግን ያ ቤት የት ነው ያለው? ወይ ከከተማው ዳር ነው ወይ ደግሞ እሱም ነገ ከነገ ወዲያ ይፈርሳል ተብሎ በሚጠበቅ ሰፈር ውስጥ ነው። የቀበሌ ቤት እየፈረሰ በቁጥሩ ልክ አዲስ የሚከራይ ቤት ካልተሰራ፣ ያሉት ቤቶች በየአመቱ እየሳሱ ነው የሚሄዱት ማለት ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ አይሳሱም፣ እንዲያውም ይጨምራሉ። ለዚህ ነው ሀሳቤ ባጭሩ ይሄ ነው የምለው፦ በሕዝብ ገንዘብ አንድ የሚከራይ የቀበሌ ቤት ሲፈርስ በሕዝብ ገንዘብ አንድ የሚከራይ ቤት ይሰራ፣ ኪራዩም በሰውየው ገቢ ልክ ይሁን፣ ቤቱም ወደ ሽያጭ እንዳይዞር በሕግ ይታሰር። የመግዛት አቅም ያለው ይግዛ፣ የሌለው ግን እንዲገዛ አይገደድ።

ቦታውም ቢሆን እዛው ይሁን። መሀል ከተማ ላይ መኖሪያ አይሰራም የሚል ካለ ልደታን ሄዶ ይይ፣ የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፣ ሰንጋ ተራም 40/60 አለ። ስለዚህ ይቻላል፣ ጥያቄው ለማን የሚለው ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙዎቹ የገቡት ገላን ጉራ ነው፣ አቃቂ ቃሊቲ ጫፍ። ቤቱ ከድሮው የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ካዛንቺስ ለሆቴልና ለምግብ ቤት እንጀራ ታስረክብ የነበረች ሴት ገላን ጉራ ሄዳ ለማን ታስረክባለች? መኪና አጣቢው፣ ሊስትሮው፣ ቤት ለቤት እያጠበች የምትኖረው ስራቸው እዛው ሰፈር ነው የቀረው፣ ጠዋት ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ከሚያገኙት ግማሹ ለትራንስፖርት ይሄዳል። የቤት ካሳ ሲሰላ ቆርቆሮና ግድግዳ ይሰላል፣ ደንበኛ ግን ማን አስልቶት ያውቃል።

መምህር ስለሆንኩ የልጆቹን ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ፒያሳ የፈረሰው 2016 ላይ በትምህርት ዘመኑ መሀል ነው፣ ካዛንቺስ ደግሞ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን። መሀል ላይ መሸኛ ይዞ የሚሄድ ልጅ አዲሱ ትምህርት ቤት እስኪቀበለው፣ መፅሀፍ እስኪያገኝ፣ ጓደኛ እስኪያፈራ ድረስ ያ አመት በከንቱ ይሄዳል፣ በተለይ የስምንተኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆነ። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ አመት በፊት ማማከር እንደሚያስፈልግ አስቀምጦ ነው የወጣው። አንድ አመት ቢሰጥ ኖሮ እኮ ወላጅ በክረምት ያዛውር ነበር። አዋጁ ራሱ ስለ ማህበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ያነሳል፣ ማለትም ሕግ አውጪው የእድርን ነገር አልረሳም፣ ታዲያ አንድን እድር አምስት ሳይት ላይ ከመበተን አንድ ላይ ማስፈር ለምን አይቀድምም?

ሌላው የማይቆጠሩት ሰዎች ናቸው። ምዝገባው የሚከተለው የቤት ቁጥሩንና ውል ያለበትን ስም ነው። በዛ ቤት ውስጥ ግን ደባል አለ፣ አግብቶ ወልዶ ጓዳውን በኮምፖርሳቶ ከፍሎ የሚኖር ልጅ አለ፣ በግል ይዞታ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሰርቪስ ተከራይቶ የኖረ አለ። ባለይዞታው ካሳውን ይወስዳል፣ ተከራዩ ብዙ ጊዜ እቃውን ተሸክሞ ይወጣል፣ በቃ። ሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 44 ንኡስ 2 ላይ ግን መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ሰዎች ሁሉ ነው ያለው፣ ባለ ካርታ አላለም። የዓለም ባንክ የሚያበድረው ፕሮጀክት ላይም ቢሆን መሬቱ ላይ ሕጋዊ መብት የሌለው ነዋሪ የመቋቋሚያ እርዳታ ይገባዋል፣ ይሄን መንግሥት ፈርሞ ይቀበላል። በብድር ገንዘብ ሲሰራ የሚከበርለት ሰው በራሱ ግብር ሲሰራ ለምን ይቀርበታል? እኔ ለዚህ መልስ አጥቼለታለሁ።

ቀዳሚው ስራ ሰው መቁጠር ይሁን። ከመፍረሱ ወራት በፊት ደባሉም ተከራዩም ያለበት ዝርዝር ወረዳው በር ላይ ይለጠፍ፣ ያልተካተተ ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበት ጊዜ ይኑረው። ሰፈሩ በአንዴ ተጠራርጎ ከሚፈርስ በከፊል ይጀመር፣ አንዱ ብሎክ ሲያልቅ ሰዎቹ ይግቡና የድሮ ቤታቸው ይፍረስ፣ እንደዚህ ቢሆን ብዙው ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ ያልፋል። አዎ ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ። ደረጃ መውጣት የማይችሉ አዛውንቶች ምድር ላይ ይሰጣቸው፣ ለመጋገሪያና ለድግስ የሚሆነው የጋራ ቤትም ከብሎኩ ጋር አብሮ ይሰራ፣ ለሌላ ነገር አይከራይ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ጋዜጠኞቻችሁ የከተማ አስተዳደሩን ኃላፊዎች ሲያነጋግሩ እነዚህን ይጠይቁልን፦ እስካሁን ስንት የቀበሌ ቤት ፈረሰ፣ በምትኩ ለኪራይ ብቻ የተሰራው ስንት ነው፣ ከተነሱት ውስጥ ወደ ድሮ ሰፈራቸው ተመልሰው የገቡት ስንት ናቸው፣ ደባልና ተከራዮችስ የት ገቡ። መልሱን ከነቁጥሩ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ መምህር