423 እና የዘገየ እገዛ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የመመረቂያ ጽሑፍን በገንዘብ ስለማስጻፍ ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። የዶክትሬት ተማሪ በግልጽ ሊጠይቀው ስለሚችለው እገዛ ግን የሚያነሳ ጥቂት ነው። አብዛኛው ተማሪም እገዛ የሚፈልገው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በጤና ጥናት ፕሮፖዛሎች ላይ፣ በናሙና መጠንነት፣ 423 የምትባል ቁጥር ደጋግማ ትታያለች። አመጣጧ ይታወቃል። በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግና የሚጠናው ነገር በግማሹ ሰው ላይ ይገኛል በሚል የ50 በመቶ ግምት 384 ሰው ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከል 423 ይሆናል። ይህ የሚያስኬደው አንድን ምጣኔ ለመገመት፣ ያውም ናሙናው በቀላል ዕጣ ሲወጣ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ቀበሌዎችን መርጦ ከዚያ ቤት ለቤት የሚሄድ ከሆነ፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ ማደግ አለበት። 384ቱ በ2 ቢባዛ 768፣ ከ10 በመቶው ጋር 845። ሁለት ቡድን ለማነጻጸር ከሆነማ ቀመሩም ሌላ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህን በአንድ ቁጭታ ያስተካክለዋል። መጠይቁ ተሞልቶ፣ የመስክ በጀቱ ካለቀ በኋላ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ የውጭ ፈታኙ በዲፌንስ፣ ማለትም ጽሑፉ ቀርቦ በሚፈተንበት፣ ቀን የሚይዘውም እዚሁ ላይ ነው።

ጽሑፍ አማካሪ ዘንድ ወራት የሚቀመጠው ሁልጊዜ በአማካሪው ስንፍና አይደለም። 200 ገጽ በአንድ ጊዜ የሚልክ ተማሪ መዘግየቱን ራሱ ጠርቶታል። አንድ ምዕራፍ ይላክ፤ ከፊቱም ካለፈው ምን እንደተለወጠ፣ የቱ ክፍል ገና እንደሆነና በምን ላይ ውሳኔ እንደሚፈለግ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ይኑር። ከውይይት በኋላ የተስማሙበት በዚያው ቀን ለሁሉም በኢሜይል ይድረስ። ዋናውና ረዳት አማካሪው የሚጋጭ ነገር ሲያዙ፣ ያዛሉም፣ ተማሪውን የሚያድነው ያ ኢሜይል ነው።

የተማሪዎች የንባብ ቡድን ከአራትና አምስት ሰው አይብለጥ፤ ከበዛ ሻይ መጠጫ ይሆናል። በሁለት ሳምንት አንዴ አምስት አምስት ገጽ ይበቃል። አንባቢው ሰዋስው አያርም፤ ሐሳቡ የጠፋበትን ቦታ ብቻ ምልክት ያድርግ።

ዋቢ ለማደራጀት ዞቴሮ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ የኢትዮጵያውያንን ስም ግን ያምታታል። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድመዋል። ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን የሚያስገባ ምርጫ ስላለው ከመጀመሪያው ዋቢ ጀምሮ በዚያ መመዝገብ ይሻላል፤ አለዚያ መጨረሻ ላይ መቶዎችን አንድ በአንድ መልቀም ነው። የዓ.ም. እና የእ.ኤ.አ. መቀላቀልም እዚያው ይታይ።

የቋንቋ አራሚ የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ስሙም በምስጋና ገጽ ላይ ይጠቀስ። ውጤቱን መተንተን ከጀመረ ሥራው እርማት መሆኑ ቀርቷል።

የትምህርት ክፍሎች ፕሮፖዛል ከማጽደቃቸው በፊት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ፊርማ ቢጠይቁ፣ የባለሙያውም ሰዓት ከማስተማር ጫናው ላይ ቢታሰብለት እንላለን። አሁን በብዙ ቦታ የሚሠራው በውለታ ነው፤ በውለታ የሚሠራ ሰው ደግሞ በፈተና ሰሞን አይገኝም።

የድኅረ ምረቃ አማካሪዎች
ከአዲስ አበባ