ሦስት ስንኝ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የእማማስ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። አራት ዓመት የተዘጋጋንበትን ነገር አንተም እኔም እናውቀዋለን። ፊት ለፊት ልናገረው ብል እጄ አልታዘዝ ስላለኝ፣ በአንድ የዌልስ ሰው ዞሬ ልምጣብህ።

ሰውየው ካይ ይባላል፤ በብሪታንያ አፈ ታሪክ የንጉሥ አርተር ፈረሰኛ ነው። አንተ የምታውቀው ከድንጋይ የተመዘዘውን ሰይፍ ከአርተር ተቀብሎ «ንጉሡ እኔ ነኝ» ያለውን፣ አባቱ መጽሐፍ አስይዞ ሲያስምለው ግን እውነቱን ያወጣውን ካይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1485 የታተመው የእንግሊዛዊው ማሎሪ መጽሐፍ እንዲያ ይለዋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ክሬቲየን ደግሞ ከዚያ 300 ዓመት ቀድሞ የባሰ አዋርዶታል፦ ምላሱ እሬት የሆነ የቤተ መንግሥት አዛዥ፤ አንዲት ልጅ ስለሳቀች በጥፊ የሚመታ፤ ኋላ ፐርሲቫል የሚባል ወጣት ፈረሰኛ ክንዱን የሚሰብርለት።

ዌልሾቹ ግን እንዲህ አያውቁትም። በ1100 ገደማ እንደተቀናበረ በሚገመተው የኪልሁክና የኦልወን ተረት፣ ካይ ዘጠኝ ቀንና ዘጠኝ ሌሊት ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲያሻው ከዛፍ እኩል ይረዝማል። ይህስ የተረት ወግ ነው። እኔን የያዘኝ እጁ ነው። ዶፍ እየወረደ እንኳ፣ ከያዘው ነገር ላይ ከጭብጡ አንድ ጋት ወደ ላይ፣ አንድ ጋት ወደ ታች ደርቆ ይቀራል፤ ጓደኞቹ ብርድ ሲጠናባቸው እሳት የሚያያይዙት በእሱ ሙቀት ነው። ጣርማ በር ላይ መኪናችን ቆሞ ያደረው ሌሊት መጣብኝ። ጋቢህን ለእኔ ጥለህ «እኔ አይበርደኝም» ብለህ የዋሸኸው።

ባልንጀራው ቤድዊር አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ካይ ከሄደበት ግን ቀርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሁለቱ ዌልስ ውስጥ ባለው ፒምሊሞን ተራራ ጫፍ ላይ፣ የዓለም ትልቁ ነፋስ እየነፈሰ፣ ነፋሱ የማያጎብጠው ጭስ በሩቁ ያያሉ። ባለፈው ጥቅምት እኔም ወጣሁበት። 752 ሜትር ነው፤ እኛ አገር ጉብታ ነው የሚባል። ነፋሱ ግን እውነት ነው፤ ከፔርሙስ ሻይ ልቀዳ ስል ኩባያው ሳይደርስ በጎን ተበትኖ ሱሪዬ ላይ አረፈ።

ጭሱ የጺማሙ ዲሉስ ነበር፤ ከርከሮ እየጠበሰ። አርተር ለአንድ ቡችላ ማሰሪያ ከዲሉስ ጺም የተገመደ ገመድ ይፈልጋል፤ ጺሙ ደግሞ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ በእንጨት ወረንጦ ካልተነጨ አይረባም። እስኪጠግብና እስኪተኛ ጠበቁት። ካይ ትልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ መትቶ እዚያ ከተተው፤ ጺሙን ነጭተው ሲጨርሱ ገደሉት። ገመዱን አምጥተው ሲሰጡት አርተር ምን አደረገ? ሦስት ስንኝ ገጠመ። «ካይ ከዲሉስ ጺም ገመድ ሠራ፤ ዲሉስ ደህና ቢሆን ኖሮ ግን ሞትህ እሱ ነበር» ነው ነገሩ። ተኝቶ ስላገኘኸው ነው እንጂ፣ ማለቱ።

ካይ ተቆጣ። የአገሩ ጀግኖች ሁሉ ተረባርበው በስንት መከራ አስታረቋቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን አርተር ኃይል ቢያንሰው፣ ሰዎቹም ቢታረዱ፣ ካይ በጭንቁ ቀን አብሮት አልወጣም።

ቤትህን ያስመረቅህ ዕለት ብርጭቆ አንስቼ የገጠምኳትን አልደግማትም። አሥር ዓመት የለፋህበትን ሥራ በአጎትህ ዶላር አሳበብኩት። ሰው ሳቀ፤ አንተም ሳቅህ፤ ከዚያ «በረዶ ላምጣ» ብለህ ወጣህና አልተመለስክም። እኔ ደግሞ «ቀልድ የማያውቅ» እያልኩ ቆየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።

የአርተርን ታሪክ በላቲን በጻፈው በጄፍሪ ዘሞንመዝ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ኩርፊያ የለም። ከሮማ ጋር በተደረገው ጦርነት ቤድዊር ይወድቃል፤ ካይ ለሞት የሚያበቃ ቁስል ቆስሎም ሬሳውን ይዞ ወደ አርተር የወርቅ ዘንዶ ዓርማ ይደርሳል። ለእኔ የዌልሾቹ ይበልጥ እውነት ይመስለኛል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ባትደውልም በርህን አንኳኳለሁ፤ የተሳለቅሁበት ቤት ነውና መንገዱ አይጠፋኝም።

ወንድምህ