እማዬ፣ እስከ ፋሲካ አትክፈቺው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ደብረ ብርሃን ውርጩ ጀምሯል አሉኝ። እባክሽ በጠዋት ስትወጪ ጋቢሽን ደርቢ። እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሸዋ ሮቢት በኅዳርም ሙቀት ነው።

ጓዳሽ ስላስቀመጥኩት የማንጎ ወይን ባለፈው በስልክ «ጠላ ቢሆን ይሄኔ ተጠጥቶ አተላውም ተደፍቶ ነበር» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ፤ ስለዚህ በደብዳቤ ላስረዳሽ።

ወይኑ መፍላቱን ጨርሷል። ግን አልደረሰም።

ማንጎውን የገዛሁት በግንቦት ነው፣ እዚሁ ገበያ ሞልቶ በነበረ ጊዜ። ጨምቄ ውሃና ስኳር ጨመርኩበት፣ የዳቦ እርሾ አደረግኩበት። «ጌሾ ሳይገባበት እንዴት ይፈላል?» ብለሽኝ ነበር። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ያን ምሬታቸውን ይሰጣቸዋል። አልኮሉን የሚያወጣው ግን ስኳሩን የሚበላው እርሾ ነው። ስኳር የጨመርኩትም እንዲጣፍጥ ብዬ አይደለም። በ1 ሊትር ውስጥ 1 በመቶ አልኮል ለማውጣት 17 ግራም ያህል ስኳር ያስፈልጋል። በውሃ የቀጠነ ማንጎ ብቻውን በቂ ስኳር ስለሌለው ወይኑ ደካማ ይሆናል፤ ደካማ ወይን ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

ለመፍላቱ የዚህ አገር ሙቀት ተስማምቶታል። እንዲያውም እንዳይበዛበት ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬው ነበር፤ እርሾ ሙቀት ካለፈበት ይሞታል። ከፈላ በኋላ ግን ወይን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይወዳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር ታልፋለች። ያን ከባድ ጠርሙስ አቅፌ በደብረ ሲና፣ በጣርማ በር ዳገት ወጥቼ ጓዳሽ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ከአንቺ ጓዳ የተሻለ ቦታ የትም አላገኝለትም።

አሁን ምንም የሚሠራ አይመስልም፣ አይደል? ከጠርሙሱ የወጣው ቱቦ የገባበት ባለ ውሃ ሃይላንድ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን አቁሟል። ወይኑ ግን እየጠራ ነው። የሞተው እርሾ ቀስ እያለ ይዘቅጣል። ማንጎ ደግሞ ቶሎ አይጠራም፤ ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚሉት ነገር በውስጡ ስላለ ድፍርስ ያደርገዋል። ጣዕሙም ገና ጉሮሮ ይቧጥጣል። ከወራት በኋላ ነው የሚለዝበው፤ ኮምጣጣውና አልኮሉ ቀስ በቀስ ሲዋሃዱ ደስ የሚል ሽታ ያወጣሉ። ይሄን በጥድፊያ ማምጣት አይቻልም።

«ትንሽ ከፍቼ ላሽተው?» ያልሽውን ግን እለምንሻለሁ፣ ተዪው። አየር ከገባበት ኮምጣጤ ይሆናል። አንቺ የጋኑን አፍ በጭቃ ስትመርጊ ማንንም አታስጠጊም ነበር። ግራዋ ቀጥፎ የሚያመጣው፣ ጋኑ በወይራ ሲታጠን አጠገብሽ የሚቆመው እኔ ነበርኩ። ንጽሕናን ከአንቺ ነው የተማርኩት። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ስለቀልቅ እጅሽ ነበር ትዝ የሚለኝ።

ሌላም ያልሽው ነገር አለ። «እስከ ፋሲካ ማን አለ?» አልሽ። እማዬ፣ እንደዚህ ስትዪ ሆዴ ይባባል። እድሜሽን አውቃለሁ፣ ጉልበትሽም እንደ ድሮው እንዳልሆነ አያለሁ። ጠርሙሱን አንቺ ቤት ያስቀመጥኩት ለብርዱ ብቻ አልነበረም። ስለ ጤናሽ ስጠይቅሽ «ደኅና ነኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለ ወይኑ ስጠይቅሽ ግን ድምፅሽ ይለወጣል፤ ቀለሙን፣ አተላው ስንት ጣት እንደደረሰ፣ ጎረቤት ምን እንዳለ ሁሉ ትነግሪኛለሽ። ያን ወሬሽን ለመስማት ስል ነው ቶሎ ቶሎ የምደውለው። ፋሲካ ድረስ አብረን እንጠብቀው።

ለገና እመጣለሁ። ከአተላው ለይቼ ወደ ሌላ ጠርሙስ አዛውረዋለሁ፣ አተላው ላይ ብዙ ከቆየ ጣዕሙ ይበላሻል። ያን ጊዜ ጾሙም ስለሚፈታ በብርሌ ትንሽ እንቀምሳለን። ግፊት መድኃኒት ስለምትወስጂ ከዚያ በፊት ሐኪምሽን አብረን እንጠይቃለን። እስከዚያው ሁለት ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ እዪው፤ ከጎደለ የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ እስኪጠልቅ ሙዪበት። ደግሞ ጠርሙሱን ራስሽ ለማንሳት እንዳትሞክሪ። ቦታው ካስቸገረሽ ደውዪልኝ፣ የሚያግዝሽ ሰው እልካለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ
ከሸዋ ሮቢት