በሰርግ ካርድ መጠቅለያ ላይ ስለተገኘው ጉማሬ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት የልጃቸውን የሰርግ ካርድ ከእኛ ተቀብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጥቅሉን ሲፈቱት መጠቅለያው ላይ ከረባት ያሰረ ጉማሬ አገኙ። የጉማሬው ጠረጴዛ ግማሹ ጣና ውስጥ ገብቷል። ከውኃው በላይ የሚታየው ዓይኑና ጆሮው ብቻ ነው። ከረባቱ እንደ እምቦጭ ውኃው ላይ ተንሳፍፏል። ዳር ላይ ፋይል ታቅፋ ለቆመች ሴት «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ነገ ተመለሺ» ይላታል።

ሰውዬው ብቻቸውን ቢሆኑ ፈገግ ብለው ያልፉት ነበር። ጥቅሉ የተፈታው ግን የሙሽራው ዘመዶች በተሰበሰቡበት ነው። ከዘመዶቹ አንዱ ደግሞ የቢሮ ኃላፊ ናቸው። ቀሪውን እናንተው ገምቱት።

ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ቀለሙ እስኪስተካከል ድረስ የሚበላሽ ወረቀት አለ። ብላሹን ለመጠቅለያ መጠቀም የቆየ ልማዳችን ነው። ወረቀት በዚህ ዋጋ እየተገዛ መጣል አንጀት አይችልም። ያን ቀን ግን የጠቀለለው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ አላየውም። ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አጠጥተው ሸኙን። ከአሁን በኋላ የሰርግም፣ የተዝካርም፣ የምርቃትም ካርድ የሚጠቀለለው በነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ባሕር ዳርን ዞረ። «ማተሚያ ቤቱ ፖለቲካ ጀመረ አሉ» ብላችሁ የደወላችሁ አላችሁ። የዕድራቸውን ደረሰኝ ለዓመታት እኛ ጋ የሚያሳትሙ አንድ አባት በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ጊዜው ለቀልድ ይመቻል እንዴ?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ።

ወረቀቱ የአንድ አዲስ የቀልድ መጽሔት ናሙና ነው። አዘጋጆቹ አራት ወጣቶች ናቸው። ኅዳር ላይ ፍላሽ ይዘው መጡ። 8 ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ 500 ቅጂ። ዋጋውን ነገርናቸውና «እስቲ እናስብበት» አልናቸው። ሦስት ቀን ተከራከርን። እዚህ የምንሠራው አምስት ሰዎች ነን። ሁለቱ ይሁን አሉ፤ ሁለቱ አይሆንም አሉ። አምስተኛዋ ገንዘብ ያዣችን ናት። እሷ «መጀመሪያ ለምን አናነበውም?» አለች። ሦስት ቀን ስንጨቃጨቅ ከመካከላችን ያነበበው ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባን።

ስናነበው ግማሹ ቀልድ ነው። ግማሹ ግን ጭራሽ ቀልድ አይደለም። ስለ አንድ ሰፈር የውኃ ቧንቧ ይናገራል። መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተቆፈረ፣ ስንት ጊዜ እንደተደፈነ፣ በየጊዜው ማን እንደፈረመ ይዘረዝራል። ከጎኑ ያለው ሥዕል ላይ ቧንቧው ቬሎ ለብሶ ለሦስተኛ ጊዜ ሪባን እስኪቆረጥለት ይጠብቃል። ውኃ የለውም። ሥዕሉ ያስቃል፤ ዝርዝሩ ግን ያበግናል። ሥዕሉ ባይኖር ዝርዝሩን ማናችንም እስከ መጨረሻው አናነበውም ነበር።

ይህ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር ማን እንደበቀለ አስታውሱ። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው። ተክሌ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን አቋቋም የፈጠሩት የጣናን ማዕበልና የሸምበቆውን ውዝዋዜ አይተው ነው ይባላል። ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ ቀልዳቸውን አጥብቆ ያዘ። ድሮ ነገሥታቱም ቢሆኑ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። እረኛ ሹመት የለውም። ሹመት ስለሌለው ሽረት አይፈራም። መኳንንቱ የደበቁትን እሱ በግጥም ያወጣዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አለቃ መንገድ ላይ አህያ የሚነዳ ገበሬ አግኝተው ዝቅ ብለው እጅ ነሡና «እንደምን አደራችሁ» አሉት የሚለውን ቀልድ የማያውቅ የለም። ገበሬው የተከበረ መስሎት አለፈ። ከአህያው ጋር መደመሩ የገባው ርቆ ከሄደ በኋላ ነው። ጨዋታው ግሩም ነው። የተሳቀበት ግን ምስኪን ገበሬ ነው። ወጣቶቹን ያልናቸው ይህንኑ ነው። የምትስቁበት ሰው ወንበር ያለው ይሁን፤ አህያ የሚነዳውን ተዉት አልናቸው።

የሌላውን አገርም ጠይቀን ተረድተናል። ፈረንሳዮች «ለ ካናር አንሼኔ» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ አላቸው። የታሰረው ዳክዬ እንደማለት ነው። ዳክዬ በእነሱ የአራዳ ቋንቋ ጋዜጣም ማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1915 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ ሳንሱር ጋዜጦችን ሁሉ ቀፍድዶ በያዘበት ጊዜ ነው። ጊዜው ለቀልድ ይመቻል ወይ ላሉን አባት መልሳችን እዚህ ላይ ነው። ጊዜው ያኔም አልተመቸም።

ይህ ጋዜጣ ማስታወቂያ አይቀበልም። የሚተዳደረው አንባቢ በሚከፍለው ብቻ ነው። ለእኛ ለነጋዴዎቹ ይህ እብደት ይመስላል። ግን አስቡት፤ «ማስታወቂያዬን አነሣለሁ» ብሎ የሚያስፈራራው ሰው የለም። በ1979 ፕሬዚዳንት ጂስካር ዴስታን ገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ከመካከለኛው አፍሪካው ገዢ ከቦካሳ አልማዝ በስጦታ መቀበላቸውን ጻፈ። በ1981 በምርጫ ተሸነፉ። የተሸነፉት በአልማዙ ብቻ አይደለም፤ ግን አልማዙ ከስማቸው አልላቀቅ አለ። በ2017 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት በሰፊው ሲጠበቁ የነበሩት ፍራንሷ ፊዮን ሚስታቸውን የፓርላማ ረዳት አድርገው ላልታየ ሥራ ደመወዝ ሲያስከፍሉ እንደኖሩ አወጣ። በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛ ወጡ። በ2020 ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ አላቸው። እኛ ጋ ቢሆን «ዘመድ ቢቀጥርስ ምን አለበት?» የሚል ጠበቃ በየቡና ቤቱ አይጠፋም ነበር።

በ1973 ደግሞ የመንግሥት የደኅንነት ሰዎች ቧንቧ ሠራተኛ መስለው ቢሮው ገቡ። ድምፅ መጥለፊያ ሲተክሉ እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ይህን ስንሰማ የእኛዎቹ ልጆች የቧንቧ ነገር ትዝ አለንና ሳቅን። ለተራ ቀልድ ግን ማንም ግድግዳ አይበሳም።

አብዛኞቻችሁ ሱቅ ያላችሁ ናችሁ። ስለዚህ የእንግሊዙን ደግሞ በደንብ ስሙ። ለንደን ውስጥ «ፕራይቬት አይ» የሚባል መጽሔት ከ1961 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል። ፊት ገጹ ላይ ሁልጊዜ ቀልድ ነው። እዚያ አገር ብዙ የሰፈር ፖስታ ቤቶችን የሚያስተዳድሩት በውል የሚሠሩ ትንንሽ ባለ ሱቆች ናቸው። ከ1999 ጀምሮ ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም አስገባላቸው። ፕሮግራሙን የሠራው ፉጂትሱ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ኮምፒውተሩ «ጎደለ» ይላል። ውሉ ደግሞ የጎደለውን አንተ ትሞላለህ ይላል። ሲደውሉ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ» ይባላሉ። ቤታቸውን የሸጡ አሉ። የታሰሩ አሉ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው። ስሕተቱ ግን የፕሮግራሙ ነበር።

የእናንተ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ማታ 4 ሺህ ብር ጎድሏል ቢላችሁና ፖሊስ ማሽኑን ቢያምን ምን ትላላችሁ?

ነገሩን በ2009 መጀመሪያ የጻፈው አንድ የኮምፒውተር መጽሔት ነው። ፕራይቬት አይ በ2011 ያዘው፤ ከያዘው በኋላም አልለቀቀም። ከቀልዱ ጎን ለዓመታት ሲመላለስበት ኖረ። ሰፊው ሕዝብ የተቆጣው በ2024 መጀመሪያ ላይ ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ከታየ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ፓርላማው ፍርዶቹን የሚሰርዝ ሕግ አወጣ። አሰልቺ ሒሳብ ዓመት ከዓመት የሚያነብ አንባቢ ማግኘት ከባድ ነው። እነሱ አንባቢውን በሳቅ ነው ያቆዩት። የእኛ መደምደሚያ ይህ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሌላ ይሉ ይሆናል።

ዋጋም ያስከፍላል። በ1989 በስም ማጥፋት ተከሰው 600 ሺህ ፓውንድ ክፈሉ ተባሉ። አዘጋጁ ኢያን ሂስሎፕ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ይህ ፍትሕ ከሆነ እኔ ሙዝ ነኝ አለ። በይግባኝ ወደ 60 ሺህ ወረደ። ከዚያ በፊት በ1976 ደግሞ ጄምስ ጎልድስሚዝ የሚባል ሀብታም መጽሔቱን ብቻ ሳይሆን አከፋፋዮቹንም ከሰሰ። ክሶቹ ከ60 በላይ ነበሩ። ይህን ስናወራ የማሽን ሠራተኛችን ፊቱ ተለዋወጠ። አከፋፋይ ከተከሰሰ አታሚ የት ይቀርለታል?

ስለዚህ ከወጣቶቹ ጋር ውል ጻፍን። ቀልዳቸውን አንነካም። እኛ ሳንሱር አይደለንም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። ነገር ግን የሰው ስም ወይም የገንዘብ መጠን ጠርተው የሚጽፉት ካለ ሰነዱ በእጃቸው መኖሩን በፊርማቸው ያረጋግጡልናል። ሰነዱን ለእኛ አያሳዩንም። ባናየው ይሻላል፤ የሰጣቸውን ሰው ስም ካላወቅን አፋችን አያመልጠንም። የሚጻፍበት ሰው ቀድሞ ይጠየቃል፤ መልሱም አብሮ ይወጣል። ከተሳሳቱ እርማቱ ፊት ገጽ ላይ ይሁን ብለናል። በብሔርና በሃይማኖት የሚያላግጥ ነገር ከመጣ ግን ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳ፣ አናወጣለትም። «ይሄስ ሳንሱር አይደለም ወይ?» ብሎ አንዱ ልጅ ሞግቶናል። ትንሽ ይመስላል፤ አልካድነውም። በዚህ ጊዜ ሣር ቤት ውስጥ ክብሪት አንጭርም አልነው። አልተስማማም፤ ግን ፈረመ።

ግማሹን ክፍያ እንደማንኛችሁም ቀድመው ይከፍላሉ። ዱቤ ሁለት ጊዜ ጠይቀውን አልሰጠናቸውም። ጨክነን አይደለም። መጽሔቱ የእኛ ባለ ዕዳ ከሆነ ስለ እኛ ምን ይጽፋል?

አሁን ወደ እናንተ ሥራ። መጽሔቱ የሚታተመው ማክሰኞ ማታ ብቻ ነው፤ ከካርድና ከደረሰኝ ጋር አንድ ቀን አይገናኝም። መብራት ከጠፋ ቅድሚያ የሰርግ ካርድ ነው። ሰርግ አይጠብቅም። የመጽሔቱ ብላሽ ወረቀት እዚሁ ተቀዶ ይወገዳል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ካርድ የምትፈልጉ እስከ መጪው ዓርብ ድረስ ጽሑፉን አምጡልን። ከእኛ ጋር መቀጠል የማትፈልጉ ካላችሁም አንቀየምም። ዲዛይናችሁን በፍላሽ እንሰጣችኋለን። እስካሁን ሁለት ሰዎች ወስደዋል። አንደኛው ሲወጡ «መጽሔቱ የሚሸጠው የት ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

የሁለተኛው እትም ገጾች ትናንት መጡ። እኛም አለንበት። አምስት ሰዎች አንድ ጉማሬ በሰርግ ወረቀት ለመጠቅለል ይታገላሉ፤ እግሩን ሲሸፍኑት ጭንቅላቱ ይወጣል። ሠዓሊዋ የገንዘብ ያዣችንን አፍንጫ ያለ አግባብ አስረዝማዋለች። ገንዘብ ያዣችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና ማክሰኞ ይግባ አለች።

ጉማሬውን ለብቻው በትልቁ እንድናትምላችሁ የጠየቃችሁን ሦስት ሰዎች፣ ሥዕሉ የሠዓሊዋ ስለሆነ ያለ እሷ ፈቃድ አንችልም። ሐሙስ ከሰዓት እዚህ ትመጣለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች
ባሕር ዳር